የኮች መርዕድ ጓንት

በአንድ ወቅት፣ ሐይቁ ዳርቻውን እየበላ ወደ ሰው መምጣት በጀመረበት ዘመን፣ በአንዲት የቆላ ከተማ፣ በመምህራን ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ዘርፌ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ሁለት ልጆች ነበሯት። ትልቋ ሮሲታ ሦስት ዓመቷ ነው፤ መሄድ አታውቅም፣ መሮጥ ብቻ ነው የምታውቀው። ትንሹ ገና ጡት ላይ ነው።

ዘርፌ ፈሪ ነበረች። ድሮ እንዲህ አልነበረችም፤ ፍርሃቱ ከልጆቹ ጋር ነው የተወለደው። ባልዲ ውስጥ ውሃ ስታይ ልጅ ሲሰምጥ ይታያታል። ደረጃ ስታይ ልጅ ሲወድቅ ይታያታል። ሕፃኑ ድምፁን አጥፍቶ ሲተኛ ጣቷን አፍንጫው ሥር አድርጋ ትንፋሹን ትፈልጋለች። ጎረቤቶቿ፣ «አንቺ ደግሞ፣ ላልመጣ ጅብ ትጮኺያለሽ» ይሏታል። እሷም ትስቃለች፤ ከሳቀች በኋላ ግን ዞር ብላ ልጆቿን ትቆጥራለች። ሁለት ናቸው፤ ትቆጥራቸዋለች።

ባሏ መርዕድ ይባላል። ልጅ ሳለ አባቱ በጦርነት ሞተና፣ ከብዙ ወላጅ አልባ ልጆች ጋር በመርከብ ተጭኖ ኩባ ሄደ። እዚያ አደገ፣ እዚያ ተማረ፣ እዚያም ቤዝቦል የሚሉትን ጨዋታ ለመደ። ጨዋታው እንዲህ ነው፤ አንዱ ከመሃል ሆኖ ትንሽ ጠንካራ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው በዱላ መትቶ ይሮጣል፤ ከመቺው ኋላ ደግሞ አንድ ሰው ቁጢጥ ብሎ ያመለጠውን ይቀልባል። የከተማችን ሰው «የዱላ ኳስ» ነው የሚለው። መርዕድ በዚህ የዱላ ኳስ ሜክሲኮ ድረስ ሄዶ፣ ደሞዝ እየተከፈለው ለክለብ ተጫውቷል። ጉልበቱ እምቢ ሲለው አገሩ ገባ። በሻንጣው ሁለት ዱላና አንድ አሮጌ የቆዳ ጓንት ይዞ መጣ፤ ሌላ የረባ ነገር አልነበረውም።

ኮሌጁ የስፖርት መምህር አድርጎ ቀጠረው። እግር ኳስ አሰልጥን ሲሉት፣ «ለእሱማ ሰው ሞልቷል፤ ያንን ማንም የማይፈልገውን ሜዳ ስጡኝ» አለ። ሜዳው ከሐይቁ አጠገብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ትንኝ ነው። ሰጡት። መጀመሪያ ተማሪው ሁሉ ሳቀበት።

«ኮች፣ ይሄ ነገር ጨዋታ ነው ወይስ ፀብ?» ይሉታል ዱላውን እያዩ።

«ጨዋታ ነው፤ ፀቡ ከራስህ ጋር ነው» ይላቸዋል።

ኳስ የሚሸጥ ሱቅ ስለሌለ ከጫማ ሰፊ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ቆዳ እየቆረጠ በሰም ክር እየሰፋ ኳስ ሠራ። ቁጥር አልሞላ ስላለው ሴቱንም ወንዱንም አንድ ላይ አሰለፈ። ዓመት ዓመትን ሲወልድ የሳቁበት ልጆች ተመርቀው በየትምህርት ቤቱ የዱላ ኳስ አስተማሪ ሆኑ። ሰውም ስሙን ትቶ «ኮች» ብቻ ይለው ጀመር።

ኮች አንድ ሕግ ነበረው። «እጄን ሳታይ እግርህን አታንሳ» ይላል። ሩጡ የሚለው ምልክት አለው፣ ቁሙ የሚለው አለው፣ ወርውር የሚለው አለው፤ ሁሉም በእጅ ነው። ምልክት ሳያይ የተንቀሳቀሰ ተማሪ ያን ቀን አይጫወትም። ለምን እንደሆነ የነገራት ለዘርፌ ብቻ ነው። ሜክሲኮ ሳለ ኦርላንዶ የሚባል ጓደኛ ነበረው። አንድ ቀን ኳስ ወደ ሰማይ ወጣ፤ መርዕድ ምልክት ሳይጠብቅ ሮጠ፣ ኦርላንዶም ምልክት ሳይጠብቅ ሮጠ፣ ሁለቱም ኳሱን እንጂ እርስ በእርስ አልተያዩም። ተጋጩ። መርዕድ ተነሣ፤ ኦርላንዶ አልተነሣም። ያ አሮጌ ጓንት የኦርላንዶ ነው።

እንግዲህ የኮች መርዕድን ዓይን አንድ በሽታ ያዘው። ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል ይጨልምበት ጀመር። ሐኪሙ፣ «የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ነው የምንጠብቀው» አለው። የኮሌጁ ዲን ደግሞ፣ «አንተ የመረጥከውን ሰው በቦታህ እንቀጥራለን» አለው። ኮችም ተማሪዎቹን ሰብስቦ፣ «ጓንቱን የሚወስድ ቡድኑን ይወስዳል» አላቸው። ለዚህ የሚበቁ ሦስት ነበሩ።

አንደኛው ኩሴ ነው። ኩሴ ያደገው ድንጋይ በሚበዛበት ተራራማ አገር ነው። እዚያ ማሽላ ሲያፈራ ማማ ላይ ወጥተው ዝንጀሮና ወፍ ያባርራሉ። ኩሴ ከማማው ሆኖ ወፏን ሲመታ የማሽላው ቅጠል አይነካም ነበር ይላሉ። ንግግር አያበዛም። ሲኮራ ያስታውቃል።

ሁለተኛዋ አያንቱ ናት። አያንቱ መናኸሪያ ውስጥ ነው ያደገችው። የሚሄድ አውቶቡስ ተከትላ እየሮጠች ውሃና ማስቲካ በመስኮት ትሸጥ ነበር። ለመቆም ትዕግሥት የላትም። ሰልፍ ላይ ስትቆም እንኳ ተረከዟ ይዘላል።

ሦስተኛው ዳና ነው። ዳና ኮሌጅ ሳይገባ ሕንፃ ሲሠራ ይውል ነበር። ሥራው ፎቅ ላይ ሆኖ ከታች የሚወረወር ጡብ መቅለብ ነው። ጡብ ካመለጠው ከታች ያለ ሰው ይሞታል። አንድም አላመለጠውም። ወፍራም ነው፣ ቀርፋፋ ነው፤ ቁጢጥ ካለበት የሚነቃነቅ አይመስልም።

«ዳና፣ ሥር አወጣህ እንዴ?» ትለዋለች አያንቱ።

«አንቺ ቅጠል ነሽ፤ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ትሄጃለሽ» ይላታል።

«ሁለታችሁም ዝም በሉና ልወርውር» ይላል ኩሴ።

ቡድኑ አንድ ሌላ ልማድ ነበረው። ሕግ አይደለም፤ ዝም ብሎ የመጣ ነገር ነው። ኳሱ ጥቂት ስለሆነ እንዲጠፋ አይፈልጉም። ዳናን አምልጦ ወደ ኋላ የሚንከባለል ኳስ ሲኖር ሮሲታ ሮጣ ታመጣዋለች። ያኔ ቡድኑ በሙሉ ያጨበጭብላታል፤ «ሮሲታ! ሮሲታ!» እያለ ይጮህላታል። እሷም ኳሱን ሆዷ ላይ አቅፋ፣ አንገቷን ሰብራ እጅ ትነሣለች። ኮች ከሁሉም በላይ ይስቃል። «ምርጥ ተጫዋቼ ይቺ ናት» ይላል።

ዘርፌ አትስቅም።

በሜዳውና በሐይቁ መካከል የጎርፍ ቦይ አለ። ድሮ ደረቅ ነበር። ሐይቁ ከመጣ ወዲህ ቦዩ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ወጣት ወንድ እንኳ ዘሎ አያልፈውም። አሣ አጥማጆች የሚሻገሩባት አንዲት ሳንቃ ተጋድማበታለች። በዚያ ሰሞን የዲኑ ውሻ ጠፋ። ገሚሱ «ጅብ ነው» አለ። ገሚሱ «እኔንጃ፣ ውሃው ነው እንጂ» አለ።

«አታጨብጭቡላት» አለችው ዘርፌ ለባሏ። «ውሃው ቀርቧል።»

«ከቦዩ ያለፈ ኳስ የሞተ ኳስ ነው፤ ማንም አይከተለውም። ሕጉ እንደዚያ ነው።»

«ሕጉን ለእሷ ነግረሃታል?»

«ሦስት ዓመቷ ነው እኮ፣ ዘርፌ!»

«እኔስ ምን አልኩ?»

መርዕድም፣ «የዓርቡ ይለፍና ሜዳውን እናዛውራለን» አላት። ዓርብ ሦስቱ ልጆች ለመጨረሻ ጊዜ የሚታዩበት ቀን ነው።

ዓርብ ደረሰ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል፣ ዘርፌ ከዛፉ ሥር ተቀምጣ ሕፃኑን ታጠባ ነበር። ሮሲታ እግሯ ሥር አሸዋ ትሰፍራለች። ኮች መስመሩ ላይ ወንበር ተሰጥቶት ተቀምጧል፤ እጁ ጭኑ ላይ ነው። ኩሴ መሃል ቆሟል፤ አንድ ኳስ በእጁ፣ አንድ ኳስ በኪሱ። አያንቱ ዱላውን ይዛለች። ዳና ከኋላዋ ቁጢጥ ብሏል። ከዳና ጀርባ ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ ቦዩ ነው፤ ከቦዩ ወዲያ ሣር፣ ከሣሩ ወዲያ ደንገል፣ ከደንገሉ ወዲያ ሐይቁ።

ኩሴ ወረወረ። አያንቱ መታች፤ ዱላው ግን ኳሱን በጫፉ ነው ያገኘው። ኳሱ ወደ ፊት መሄዱን ትቶ ወደ ኋላ ተስፈነጠረ። ዳና እጁን ዘረጋ፤ የጣቱን ጫፍ ነክቶ አመለጠው። ነጠረ፣ ቦዩን ተሻገረ፣ ሣሩ ላይ ተንከባሎ ቆመ። አንድ ኳስ ነው፤ የሦስቱም እጅ አለበት።

የሞተ ኳስ ስለሆነ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ዳር ከተቀመጡት ተማሪዎች አንዱ ግን ልማድ ሆኖበት ሁለቴ አጨበጨበ።

ሮሲታ ተነሣች።

ዘርፌ ቀና ስትል ልጅቷ ሳንቃዋ ላይ ነበረች። እግሯ ሥር አሸዋ የሚሰፍር ልጅ የለም። ጡት የያዘ ሕፃን ደረቷ ላይ አለ። «ሮሲታ!» ብላ ጮኸች። ተማሪዎቹም ደንግጠው፣ ልጅቷ እንድትመለስ፣ በአንድ ድምፅ «ሮሲታ! ሮሲታ!» አሉ። እግዜር ያሳያችሁ። ሮሲታ ስሟን ሰማች፤ እንደ ሁልጊዜው የሚያሞግሷት መሰላት። ሮጠች። ሣሩ ላይ ደርሳ ኳሱን አነሣች፣ ሆዷ ላይ አቀፈች፣ ፊቷን ወደ ሰው አዙራ ጭብጨባውን ጠበቀች።

ከሳንቃዋ አጠገብ፣ በወዲያኛው ዳር፣ ጭቃው ተነሣ። ጭቃው ዓይን ነበረው።

አዞው ግማሽ አካሉን ሣሩ ላይ አውጥቶ ጭራውን ቦዩ ውስጥ አደረገ። ከፊቱ ሮሲታ ናት። ከኋላው መመለሻዋ። ስታስበው የኖረችው ሁሉ፣ ባልዲው፣ ደረጃው፣ ዝም ያለው ትንፋሽ፣ ሁሉም ተሰብስቦ እዚያ ሣር ላይ ተኝቷል። የተማሪው ዓይን በሙሉ ወደ ኮች እጅ ዞረ። ለዓመታት የተማሩት ይህንን ነው፤ እጁን ሳታይ እግርህን አታንሳ። የኮች እጅ ጭኑ ላይ ነበር። አልተነሣም። አባት ነው፤ አየ፤ አልተነሣም።

ያኔ ኩሴ ምልክት ሳያይ ኪሱ ገባ። ሁለተኛውን ኳስ አወጣ። በእሱና በአዞው መካከል የዳና ራስ አለ፤ ከአዞው ኋላ የሮሲታ ግንባር አለ። ጣት ያህል ቢስት ወይ ዳናን ይገድላል፣ ወይ ልጅቷን። ማንንም አልጠየቀም። ወረወረ። ኳሱ በዳና ጆሮ አልፎ አዞውን ዓይኑ ላይ መታው። አዞው ተወራጨ፣ አፉን ከልጅቷ መለሰ። ሲወራጭ ግን ጭራው ሳንቃዋን መትቶ ሰበራት፤ መመለሻዋ ውሃ ውስጥ ገባች። ኩሴ ልጅቷን አተረፈ፤ መንገዷን ደግሞ አጠፋ።

አያንቱ ምልክት ሳታይ ዱላዋን የጣለችው ገና ጭቃው ሲነሣ ነው። ኳሱ ከኩሴ እጅ ሲወጣ እሷ ሩጫ ላይ ነበረች። ቦዩ ዳር ስትደርስ ሳንቃዋ የለችም። ማንም ዘሎት የማያውቀውን ቦይ ዘለለች። ልጅቷን ከሣሩ ላይ አፈሰቻት። አዞው በአንድ ዓይኑ ዞረባት። ልጅ ታቅፎ ያንን ቦይ መዝለል አይቻልም። ከኋላዋ ደንገል ነው። «ዳና!» ብላ ጮኸችና ልጅቷን ከነኳሷ በውሃው ላይ ወረወረቻት።

ዳና ከሁሉም ቅርብ ነበር። እዚያው ቁጢጥ እንዳለ ነው። ልጅቷ በአጠገቡ ስታልፍ አልተነሣም፣ ጭቃው ሲነሣ አልተነሣም። ብድግ ብሎ ቢሆን የኩሴ ኳስ ማጅራቱን ባገኘው ነበር። ተከትሎ ተሻግሮ ቢሆን፣ ልጅቷ ስትመጣ ከወዲህ ዳር የሚቀበላት ሰው አይኖርም ነበር። ስሙን ሲሰማ ዞረ፤ በጉልበቱ ቦዩ ዳር ደረሰ፤ እንደ ጡቡ ጊዜ እጁን ከሚመጣው ጋር ወደ ኋላ እየሳበ ቀለባት። ኳሷ ከእጇ አልወደቀም። የዳና ሁለት ጣቶች ተሰበሩ፤ የልጅቷ ፀጉር እንኳ አልተነካ።

አያንቱ ባዶ እጇን ተመልሳ ስትዘል አዞው ተረከዟን አገኘው። ተማሪው በዱላና በድንጋይ ወረደበት። ለቀቃት፣ ወደ ቦዩ ገባ፣ ውሃው ተከደነ።

ያኔ የኮች እጅ ተነሣ። ሩጡ የሚለውን ምልክት አሳየ። የሚሮጥ ሰው አልቀረም ነበር።

ዘርፌ ሕፃኑን በአንድ ክንዷ እንደያዘች ሮሲታን ተቀበለች። ጣቶቿን ዳሰሰች፣ ጆሮዋን ዳሰሰች፣ አፍንጫዋ ሥር ጣቷን አደረገች። ልጅቷ አኩርፋለች።

«ዛሬ አላጨበጨባችሁልኝም» አለች።

ከዚያ ቀን በኋላ የሆነውም ይሰማ። የአያንቱ ተረከዝ ጅማቱ ተቆረጠ፤ በክራንች ትሄዳለች፣ ሐኪሙም ዳግመኛ አትሮጥም ብሏታል። የኩሴ ክንድ ምንም አልሆነም፤ ኳስ ሲይዝ ግን ይንቀጠቀጣል፣ መወርወር አቅቶታል። የዳና ጣቶች ተጠግነዋል፤ ስሙ ግን አልተጠገነም። በምግብ ቤቱ ሰልፍ ላይ፣ «ከሁሉ ቅርብ ሆኖ ቁጢጥ ያለው ይሄ ነው» እያሉ ይጠቋቆሙበታል።

ግቢው ለሦስት ተከፈለ። ጓንቱ ለማን ይሰጥ? ኮች ግን አልፈርድም አለ። ከወር በኋላ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ሦስቱን ቤቱ አስጠርቶ፣ ጓንቱን ከሳጥን አውጥቶ ዘርፌ ጭን ላይ አኖረው።

«ያን ቀን እጄ አልተነሣም» አለ። «እጁ ያልተነሣ ሰው ምን ፍርድ አለው? አንቺ ግን ከመጀመሪያም ታይቶሽ ነበር። ፍረጂ።»

ዘርፌ ጓንቱን ነካችው። ቆዳው እንደ ሰው ቆዳ ሞቋል። ቤታቸው ከሜዳው አጠገብ ነው፤ ጓንቱን የሚወስደው ሰው ነገ ሮሲታ በምትሮጥበት ሜዳ ላይ እጁን የሚያነሣው ነው። ሜዳው ቢዛወር እንኳ ሐይቁም እየተከተለ ነው።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ» አለች። «ነገ ያ ነገር እንደገና ቢመጣስ?»

ኩሴ መጀመሪያ ተናገረ። «አልወረውርም፣ እትዬ። ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ አዞው አይደለም፤ የሮሲታ ግንባር ነው።»

«ታዲያ ጓንቱን ምን ያደርግልሃል?»

«የሰው ልጅ የሚጠብቅ ሰው መፍራት አለበት ብዬ ነው። እኔ አሁን ፈርቻለሁ።»

አያንቱ ክራንቿን መሬት ላይ መታች። «እኔ እሮጣለሁ። በዚህኛውም እግር ቢሆን።»

«ምልክት ሳታዪ?»

«ምልክቱ እስኪመጣ ሮሲታ የት ትሆን ነበር?»

«ምልክት ሳያይ የሮጠው ኦርላንዶስ የት ነው ያለው?» አለ ኩሴ። የጓንቱ ታሪክ ከዚያ ዓርብ ወዲህ ሁሉም ጆሮ ገብቷል። ኮች አንገቱን ደፋ።

ዘርፌ ወደ አያንቱ ጠጋ አለች። «ልጄን በውሃ ላይ ስትወረውሪያት፣ ዳና እዚያ መኖሩን አይተሽ ነበር?»

«ስሙን ጠርቻለሁ።»

«አይተሽ ነበር ወይ ነው ያልኩሽ፣ እናቴ።»

አያንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀጥ ብላ ቆመች። «አላየሁም፣ እትዬ። ግን ዳና ሁልጊዜ እዚያ ነው ያለው።»

ዘርፌ ወደ ዳና ዞረች። እሱን ለመጠየቅ ከሁሉም በላይ ፈርታለች።

«አንተ ቅርብ ነበርክ። እጅህን ብትዘረጋ ሳንቃዋ ላይ ሳትደርስ ቀሚሷን ትይዛት ነበር። ለምን አልተነሣህም? ፈርተህ ነው?»

«ይሆናል፣ እትዬ።»

«ኮች ምልክት ስላልሰጠህ ነው?»

«ይሆናል።»

«የኩሴ ኳስ በራስህ ላይ እንደሚያልፍ፣ አያንቱም እንደምትጠራህ አውቀህ ነው?»

ዳና የተሰበሩትን ጣቶቹን አየ። «ጠዋት ጠዋት ስነሣ እጠይቀዋለሁ፣ ዳናን። አይነግረኝም። ነገም ቢመጣ የት እንደምሆን አላውቅም። አሁን ዋሽቼ አውቃለሁ ብል ግን ጓንቱ ያቃጥለኛል።»

«ቢያንስ እሱ አልዋሸም» አለች አያንቱ፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ።

«አልሮጠምም» አለ ኩሴ።

«አልወረወረምም፤ አንተ ሳንቃዬን እንደሰበርክብኝ አልሰበረም!»

«በቃ!» አለ ኮች፤ በዚህ ጊዜ እጁ ቶሎ ተነሣ። ሦስቱም ባሉበት ቆሙ። ዳሩ በጨለመው ዓይኑ ሚስቱን ፈለጋት። «ዘርፌ?»

በዚህ መሃል ሮሲታ ከሳጥኑ ሥር ያንን ኳስ አገኘችው፤ የዓርቡን። ለቀቀችው። ኳሱ በተከፈተው በር ወጥቶ፣ በደረጃው ነጥሮ፣ ወደ ሜዳው ቁልቁል መንከባለል ጀመረ። ልጅቷ ብድግ አለች። ደጃፉ ላይ ቆማ ዞር አለችና የሁሉንም እጅ አንድ በአንድ አየች። ጭብጨባ ትጠብቃለች።

ኩሴ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። የአያንቱ ክራንች ተነቃነቀ። ዳና ባለበት ነው። ዘርፌ ሕፃኑን በአንድ እጇ፣ ጓንቱን በሌላ እጇ ይዛለች፤ ሦስተኛ እጅ አልተሰጣትም።

እንግዲህ እናንተ ይህን የሰማችሁ፣ የወለዳችሁም ያልወለዳችሁም፣ እዚያ ዘርፌ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከቆመበት ሆኖ የመታው፣ መምታቱን ግን አሁን የሚፈራው ኩሴ አለ። ሳትጠራ የሄደችው፣ ሳታይም የወረወረችው አያንቱ አለች። ያልሄደው፣ ስትመጣ ግን እዚያው የተገኘው ዳና አለ። አንዱ ቢጎድል ሮሲታ ዛሬ የለችም። ሰኞ ሜዳው ይከፈታል፤ የሰው ልጅ ይመጣበታል፣ የእናንተም ይመጣበታል። ጓንቱ ለማን ይገባል?